የሰፈር መናፈሻ ከወረዳ እንዴት ይጠየቃል? የእኛ ሳይት ተሞክሮ

ከሌሎች ሳይቶች የሚደውሉልን ሰዎች በዝተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «እኛም ጋ ባዶ ቦታ አለ፤ እናንተ እንዴት አስለማችሁት?» ይላሉ። በስልክ ሲነገር ሁሌም ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ የምናውቀውን ጽፌዋለሁ።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ነው። ከብሎኮቻችን ጀርባ አራት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ክፍት ቦታ አለ። ቤቶቹ ሲሠሩ የተረፈው ድንጋይና አሸዋ እዚያው ቀርቶ ነበር። ከዚያ ሲኖትራኮች ማታ ማታ እየመጡ ተረፈ ግንባታ ይደፉበት ጀመር። ክረምት ጭቃ ነው፤ በጋ አቧራ ነው። ልጆቻችን የሚጫወቱት በቆሙ መኪኖች መሀል ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ተገጭቶ እግሩ ተሰበረ። ኮሚቴው የተቋቋመው ያኔ ነው። እኔም ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ።

በከተማችን ትልልቅ ፓርኮች ተሠርተዋል። አንድነት ፓርክ በ2012 ተከፈተ፤ ወዳጅነትና እንጦጦም ተከተሉ። ያምራሉ፤ እኛም ለበዓል እንሄዳለን። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ለግማሽ ሰዓት የሚሮጥበት ቦታ አይደሉም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ መናፈሻ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። የሰፈር መናፈሻ በነጠላ ጫማ ወጥተው የሚደርሱበት ነው። ይህን የማነሳው አንድ ባለሙያ «ፓርክ ሞልቶ የለ እንዴ?» ስላለን ነው። እናንተም ትባላላችሁ። መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በፊት ቦታው በወረቀት ላይ ምን እንደሆነ እወቁ። እኛ በቃል ስንጠይቅ ሦስት ቢሮ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጠን። አንዱ «የመንግሥት ነው» አለ። ሌላው «ለልማት የተያዘ ነው» አለ። ሦስተኛው «የራሳችሁ ማኅበር ነው፣ እኛ ምን አገባን» አለ። ሁሉም በሙሉ ልብ ነው የተናገሩት። ካርታ አውጥቶ ያሳየን ግን አልነበረም።

ማየት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሳይቱ ፕላን ነው። ክፍት ቦታው በሳይቱ ወሰን ውስጥ ከሆነ የጋራ መጠቀሚያችሁ ነው። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። እንደዚያ ከሆነ ወረዳውን የምትጠይቁት ድጋፍ ብቻ ነው፤ ውሳኔው የጠቅላላ ጉባኤያችሁ ነው። ከወሰን ውጭ ከሆነ ደግሞ የመሬት አጠቃቀም ፕላኑን ማየት አለባችሁ። ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ለአሥር ዓመት እንዲያገለግል የወጣው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ብሎ ይከፍላል። የእኛ ቦታ ከሳይቱ ወሰን ውጭ ነው። በፕላኑ ላይ ግን አረንጓዴ ተቀብቷል። ይህን እኛም፣ አብዛኛው የወረዳው ሠራተኛም አናውቅም ነበር።

አረንጓዴ መቀባት ብቻውን መሬት አይጠብቅም። ቀለሙን የሚያውቁት ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ብቻ ከሆኑ አንድ ቀን ኮንቴይነር ይቀመጥበታል። በወሩ ዙሪያው ቆርቆሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማን ያስነሳዋል? ስለዚህ የፕላን መረጃውን በጽሑፍ ጠየቅን። ደብዳቤያችን ላይ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቀስን። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። በቃል ስንጠይቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለን ክፍል በጽሑፍ ስንጠይቅ መለሰ። የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። ቦታው በፕላኑ ለአረንጓዴ የተያዘ መሆኑን ብቻ ይገልጻል። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ የቆመው በዚያች ወረቀት ላይ ነው። ዋናውን ማኅበሩ ካዝና ውስጥ አስቀመጥነው፤ ይዘን የምንዞረው ኮፒውን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ከወረዳው በላይ ያደከመን የራሳችን ጎረቤት ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የሁሉም ስጋት እውነት ነበር። መኪና ያላቸው ሰዎች ቦታው ፓርኪንግ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ደግሞ ጫጫታና ሌባ ፈሩ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ኮሚናል ውስጥ፣ ማለትም በሳይቱ የጋራ ቤት፣ ባደረግነው ስብሰባ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ዛሬ ዛፍ ትላላችሁ፤ ነገ በመስኮታችን ሥር ጫት ይቃማል፣ ከዚያ እናንተን የት አገኛችኋለሁ?» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። እኛም ነገሩን ጻፍነው። ከመስኮት አጠገብ አግዳሚ ወንበር እንዳይቀመጥ፣ ከወገብ በላይ የሚያድግ ቁጥቋጦ እንዳይተከል፣ ማታ በሩ እንዲዘጋ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። በኋላ ንድፉ ሲሠራ የእሳቸው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ገብቷል። ፈርመውልናልም።

ሌላው ጉዳይ ጉሊት ነው። በቦታው ጫፍ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ክረምት ሲሆን የተጠበሰ በቆሎ የሚሸጡ እናቶች አሉ። መናፈሻ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የመጣባቸው ስጋት መነሳት ነው። ማንም ስብሰባ አልጠራቸውም ነበር፤ ምክንያቱም የቤት ባለቤት አይደሉም፣ ተከራይ ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ በዚህ ጉዳይ ተከራከርን። እኔ እስከ ዛሬ የምቆምለት አቋም ይህ ነው፦ መናፈሻ የሚሠራው ድሀ አስነሥቶ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። ንድፉ ላይ ጫፉን ለእነሱ ተውነው፤ ጣሪያ ያለው መደብ ተሳለላቸው። ተከራዮችም እንዲፈርሙ አደረግን። ልጆቻቸው የሚጫወቱት እዚሁ ነውና።

ስብሰባ ስትጠሩ ለወረዳው አስቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። በሰፈር ሰው ሲሰበሰብ «ምን ሊያደርጉ ነው?» የሚል ጥርጣሬ ቶሎ ይነሳል። እኛ አጀንዳውን ጽፈን ላክን፤ ተወካይ እንዲልኩም ጋበዝን። አንዴ መጡ፣ አንዴ ቀሩ። ከአጀንዳው ውጭ ሌላ ጉዳይ ሲነሳ ሰብሳቢያችን «እሱን ሌላ ቀን» ይሉ ነበር። ስለ ውሃ መቆራረጥ፣ ስለ ትራንስፎርመር፣ ስለ ካርታ መዘግየት ብሶት ሞልቷል። ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ብትጭኑት ግን አንዱም አይመለስም።

ቢሮ ስትገቡ የምትጠየቁት የመጀመሪያ ነገር «ማንን ወክላችሁ ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ነው ማኅተም የሚያስፈልገው። አዲስ ማኅበር ለመመሥረት አትድከሙ። የኮንዶሚኒየም ማኅበራችሁ ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ ማኅተምም አለው። በእሱ ራስጌ ጻፉ። እድራችሁም የድጋፍ ደብዳቤ ይስጥ። እድር ውስጥ የሌለ ሰው ስለሌለ ወረዳው ክብደቱን ያውቀዋል። ከ300 በላይ ሰው ከነብሎኩና የቤት ቁጥሩ የፈረመበትን ዝርዝር አያያዝነው። ስልክ ቁጥር ግን እንዳይሰፍር አደረግን፤ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚዞር አይታወቅም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። የመጀመሪያው ረቂቃችን ስለ ንጹሕ አየር ጥቅም ረጅም ትንታኔ ነበረው። መምህርቷ አይተውት ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። የቀረው ይህ ነው፤ ቦታው የት እንደሆነ፣ በፕላን ምን ተብሎ እንደተያዘ፣ ምን እንደምንጠይቅ፣ እኛ ምን እንደምናዋጣ። ሕግ በአንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። እሱን ጠቅሰን አለፍን።

«ፓርክ ይሠራልን» ብላችሁ አትጀምሩ። እሱን ጥያቄ ወረዳው ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ ስለማይችል ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ወደ ላይ የተገፋ ነገር ደግሞ እዚያው ይቀራል። እኛ የጀመርነው በትንሹ ነው። ተረፈ ግንባታ መድፋት እንዲከለከልና «ለአረንጓዴ ልማት የተከለለ ቦታ» የሚል ሰሌዳ እንዲተከል ጠየቅን። ይህ ለወረዳው ገንዘብ አያስወጣም። ለደንብ ማስከበር ግን ሥራ ይሰጠዋል። ሰሌዳው ከተተከለ በኋላ ሲኖትራክ ሲመጣ የሳይቱ ጥበቃ በልበ ሙሉነት መመለስ ቻለ። መናፈሻው የተጀመረው በዚያ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ።

እያንዳንዱን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አስገቡ። በግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። «ለኃላፊው በእጅ ስጡኝ» የሚል ሰው ቢኖር በትሕትና እምቢ በሉ። ግልባጭ ለክፍለ ከተማው የአረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት ይሂድ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ ታያላችሁ፤ የትኛው አገልግሎት በስንት ቀን እንደሚሰጥ ይናገራል። ፎቶ አንሡት። ቀጠሮ ሲተላለፍ «እዚህ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል» ማለት ትችላላችሁ። ሳትጮኹ ማለት ነው። የጮኸ ሰው ይረሳል፤ በጨዋ አንደበት በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ግን አይረሳም።

ሹም ሽር ይኖራል። የእኛ ጉዳይ በተጀመረበትና ገንዘብ በተያዘበት ጊዜ መካከል ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ከአንዴም በላይ ተቀይሯል። አዲሱ ኃላፊ ስለ እናንተ ምንም አያውቅም። የቀድሞው የገባው ቃልም አብሮት ሄዷል። ለዚህ መድኃኒቱ ማኅደር ነው። ፕላኑ፣ ደብዳቤዎቹ በቀን ተራ፣ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ የቦታው ፎቶዎች በአንድ ማኅደር ይሁኑ። አዲስ ሰው በተሾመ በሁለተኛው ሳምንት እንኳን ደስ ያለዎት ብላችሁ ኮፒውን ስጡት። መልስ ሲጠፋ ወደ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማ ውጡ። ከዚያም በላይ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እኛ ክፍለ ከተማ ላይ ነገሩ ተፈታ።

በዚህ መሀል ሌላ ፈተና መጣ። ሥራ የሌላቸው የሰፈራችን ወጣቶች ተደራጅተው ቦታው ለመኪና እጥበት እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር። ጥያቄያቸው በሥራ ዕድል ፈጠራ በኩል ግማሽ መንገድ ሄዷል። ኮሚቴው ውስጥ «እንክሰሳቸው» ያለም ነበር። ግን እነዚህ ልጆች የእኛ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ዲግሪ ይዘው ዓመታት ቤት ተቀምጠዋል። ኮሚናል ጠርተን አወራን። አንዱ «ዛፍ አይበላም» አለን። ዝም ብለን ሰማነው፤ ምን ይባላል?

በመጨረሻ የተስማማነው ይህን ነው። ለእጥበቱ በአስፋልቱ ዳር ሌላ ቦታ እንዲፈለግላቸው ማኅበሩ አብሯቸው ደብዳቤ ጻፈ። መናፈሻው ሲሠራ ቡናና ሻይ የመሸጥ፣ የማጽዳትና የመጠበቅ ሥራው የእነሱ እንዲሆን በጽሑፍ ተስማማን። የአስፋልት ዳሩ ቦታ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከወጣቶቹ ገሚሱ ጠብቀው ሰልችተው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። አንድ ሁለቱ እስከ ዛሬ ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ። የቀሩት ግን መናፈሻውን ይዘውታል፤ ወረዳው ፊትም ከኛ ጋር ቆመው ተናግረዋል። ሥራ አስፈጻሚው ልባቸው የራሰው ያኔ ይመስለኛል። ወጣትና ነዋሪ በአንድ ቃል ሲናገር ለማንም ኃላፊ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ስለ በጀት አንድ ነገር ልብ በሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ያልቃል። ጥቅምት ላይ ብትጠይቁ «በዕቅድ አልተያዘም» ይባላል። እውነታቸውን ነው። ሰኔ ላይ ብትጠይቁ ሁሉም ሒሳብ በመዝጋት ላይ ነው። ጥያቄያችሁ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በሚዘጋጅበት ሰሞን ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት። እኛ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው ያስገባነው። ዝርዝር ዋጋም አብሮ ይሂድ። ከነዋሪዎቹ አንዱ የግንባታ መሐንዲስ ስለሆነ ቢኦኪውን፣ ማለትም የሥራውን መጠንና ዋጋ ዝርዝር፣ አዘጋጀልን፤ አፈር ማስተካከል ስንት፣ ኮብልስቶን ስንት ሜትር፣ ፍሳሽ ስንት፣ መብራት ስንት። ሥራውንም በሦስት ምዕራፍ ከፈለው። ወረዳው መጀመሪያ የያዘው አንዱን ምዕራፍ ብቻ ነው። ምዕራፍ ባይኖር ኖሮ ምንም አይይዝም ነበር።

ከነዋሪው መዋጮ ይጠየቃል። የኅብረተሰብ ተሳትፎ ይሉታል። ቦታው በወረቀት ከመረጋገጡ በፊት ግን ከማንም አንድ ብር አትሰብስቡ። ገንዘቡ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ወጪው በየወሩ ኮሚናል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘብ የሌለው በጉልበት ያዋጣ። የእኛ ሰዎች ድንጋይ ሲለቅሙና ጉድጓድ ሲቆፍሩ የዋሉበት ሁሉ በገንዘብ ተተምኖ በሪፖርቱ ገብቷል። ወረዳውም ለበላይ ሲያቀርብ ተጠቅሞበታል።

ተከላው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰፈር የሚሸነፈው እዚህ ነው። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ክረምት ላይ ችግኝ አይጠፋም። ችግሩ ከመስከረም በኋላ ነው። ክረምት ላይ ፎቶ የተነሡ ችግኞች ታኅሣሥ ላይ ደርቀው ይገኛሉ። እኛ ጉድጓዱን ዝናቡ ሳይጠና ቆፍረን ብስባሽ አፈር ሞላንበት። ሐምሌ ላይ ተከልን። ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የአበሻ ጽድ መረጥን፤ ቶሎ ጥላ እንዲሰጠን ጃካራንዳ ጨመርን። ባሕር ዛፍ በነፃ ልስጣችሁ ያለን ነበር፤ ውሃ ስለሚመጥ አልተቀበልንም። በበጋ ቧንቧ በፈረቃ ነው። ስለዚህ የኮሚናሉን ጣሪያ ዝናብ በአሸንዳ ወደ ሮቶ መለስነው። ሮቶው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ብሎክ የራሱን ረድፍ በጀሪካን ያጠጣል።

በግም አስቡበት። ገናና ፋሲካ ሲደርስ የየቤቱ በግ ለሣር ወደ ውጭ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት ገና ሰሞን አንድ ረድፍ ኮሶ ከነግንዱ ተበላ። አሁን ከበዓል ሁለት ሳምንት በፊት ወጣቶቹ እሾህ ያጥራሉ፤ በግ የሚታሰርበት ቦታም ከብሎኮቹ በስተኋላ ተለይቷል።

ዛሬ ሁለቱ ምዕራፎች አልቀዋል። የኮብልስቶን መንገድ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ለልጆች የሰፈራችን በያጅ የሠራው መንሸራተቻና ዥዋዥዌ አለ። የጉሊት መደቡ ጣሪያ ለብሷል። ሁለት የመብራት ምሰሶ ቆሟል። ሠርግና ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የት ይተከል የሚለው ሲያጨቃጭቀን ነበር፤ ሣሩን ለማዳን ከመንገዱ በታች ብቻ እንዲሆን ጠቅላላ ጉባኤው ወስኗል።

የቀረን መጸዳጃ ቤት ነው። ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ማን ያገናኝ፣ የውሃ ቆጣሪው በማን ስም ይሁን፣ ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለው አልተቋጨም። ቆጣሪው በማኅበሩ ስም እንዲሆን፣ የማገናኛ ወጪው ደግሞ በወረዳው እንዲሸፈን ጠይቀናል። ማመልከቻው ከነቢኦኪው በየካቲት ገብቷል። ወጣቶቹና መምህርቷ በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ሄደው ይጠይቃሉ።